አጥንት ጎተራ ነው፤ «ከገደብ በታች ነው፣ አትጨነቁ» ላሉት ጸሐፊ የተሰጠ ምላሽ

ጽሑፉን በአንድ ሳምንት ውስጥ ሦስት ሰው ላከልኝ። ሦስተኛዋ አክስቴ ናት። «አንተ የምታስፈራራን ሁሉ ውሸት ነው ይላል፣ አንብበው» የሚል ድምፅ አብሮ መጣ። ከኋላዋ ሙቀጫ ይሰማል። ቡና እየተወቀጠ ነው፣ እሷም ደስ ብሏታል።

እኔ እዚህ ጅማ በአንድ የግል ክሊኒክ ላብራቶሪ ውስጥ ነው የምሠራው። ደም እቀዳለሁ፣ ሽንት አያለሁ፣ ውጤት እጽፋለሁ። ተመራማሪ አይደለሁም። ይህን ጉዳይ ግን ዓመታት አንብቤበታለሁ። ለምን እንዳነበብኩት ወደ ታች ስትደርሱ ይገባችኋል።

ጽሑፉን ላላያችሁት ባጭሩ ይኸው። ከባድ ብረቶች ስለሚባሉት ስለ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አርሴኒክና ሜርኩሪ የሚወራው ተጋኗል ይላል። እያንዳንዱ ከተፈቀደው ገደብ በታች ከሆነ ተደምሮም ምንም አያመጣም። እርሳስ ቢገባም በወር ውስጥ ከደም ይወጣል። አጥንት ላይ የሚደርስ ነገር የለም፤ የአጥንት ህመም የዕድሜና የብርድ ነው፣ ካልሆነም ፍሎራይድ ያለበት የስምጥ ሸለቆ ውሃ ነው። ጅማ ፋብሪካ ስለሌላት ነገሩ የአቃቂ ጣጣ ነው። ለማንኛውም ወተት ጠጡ፣ ጠዋት ጠዋት ፌጦ በሎሚ ውሰዱ፣ ይጠርጋል። ይኸው ነው።

ጸሐፊውን አላውቃቸውም። አጻጻፋቸው ይጥማል። በአንድ ነገርም እስማማለሁ፦ ሰው ደንግጦ ጎመን መብላት ማቆም የለበትም። አንዲት ታካሚያችን አትክልት ትታ ሩዝና ፓስታ ብቻ ስትበላ ከርማ ሄሞግሎቢኗ ወርዶ መጥታለች። ይሄ ከተባለ በኋላ ወደ ነገሩ ልግባ።

«እያንዳንዱ ከገደብ በታች ከሆነ ድምሩም ምንም አይደለም።»

ዋናው ስህተት ይሄ ነው። ሌላው ከዚህ የተመዘዘ ነው። ስለዚህ እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ።

ገደብ የሚባለው ነገር ከሰማይ አልወረደም። የዓለም ጤና ድርጅት ለመጠጥ ውሃ ያስቀመጠው በሊትር ለእርሳስ 10 ማይክሮግራም፣ ለአርሴኒክ 10፣ ለካድሚየም 3 ነው። የካድሚየሙ የተሰላው ኩላሊት እየታየ ነው። የእርሳሱና የአርሴኒኩ ደግሞ «ጊዜያዊ» የሚል ስም አላቸው። ማጣሪያውና መለኪያው በተግባር የሚደርሱበት መጠን እዚያ ድረስ ስለሆነ ነው እንጂ ከዚያ በታች ጉዳት የለም ተብሎ አይደለም። እንዲያውም የተባበሩት መንግሥታት የምግብና የጤና ድርጅቶች የጋራ ኮሚቴ «በሳምንት ይህን ያህል እርሳስ ቢገባ ችግር የለውም» ይል የነበረውን መጠን በ2010 እ.ኤ.አ. ሰርዞታል። ጉዳት የማያመጣ መጠን ሊያገኝ አልቻለም።

ቁጥሮቹ የወጡት ደግሞ አንድ በአንድ ነው። ሦስቱ አንድ ሰው ውስጥ ሲገናኙ አጥንቱ ምን ይሆናል ተብሎ አይደለም። እኛ ግን ከአንድ ጆግ ውሃ እርሳሱን ለይተን፣ ከአንድ ሳህን ጎመን ካድሚየሙን ለይተን አንወስድም። ሁሉም አብሮ ነው የሚገባው።

ጅማ ያደገ ሰው የጭቃ ቤት ያውቃል። ምስጥ ማገሩን ይበላዋል። ዝናብ ምርጊቱን ያጥበዋል። አንድ ሰው መጥቶ ምስጡን ቢያይ «ጥቂት ነው» ሊል ይችላል። ሌላው ሰማዩን አይቶ «ካፊያ ነው» ሊል ይችላል። ሁለቱም አልዋሹም። ግድግዳው ግን ሁለቱንም ነው የሚችለው። እነዚህ ብረቶች አጥንት ላይ የሚሠሩት በትክክል እንደዚህ ነው፤ በተለያየ በር ገብተው አንድ ግድግዳ ላይ ይገናኛሉ።

አጥንት ድንጋይ አይደለም። ዕድሜ ልኩን ይፈርሳል፣ ይሠራል። አዋቂ ሰው በዓመት ከአጥንቱ አንድ አስረኛ ያህሉ ይታደስለታል። አፍራሽ ህዋሳት አሉ፣ ገንቢ ህዋሳትም አሉ። ሁለቱ እኩል እስከሠሩ ድረስ ሰላም ነው።

እርሳስ ካልሲየምን ይመስላል። ሰውነት አይለየውም። ካልሲየም በሚቀመጥበት ቦታ ያስቀምጠዋል። ከዚያ ገንቢዎቹን ያደክማል። ካድሚየም የሚመጣው በጓሮ በር ነው። ኩላሊት ውስጥ ለአሥርት ዓመታት ይጠራቀማል። ኩላሊት ሲጎዳ ካልሲየምና ፎስፌት ወደ ሽንት ይፈሳሉ። ቫይታሚን ዲ ሥራ የሚጀምረው ኩላሊት ውስጥ የመጨረሻ ቅርጹን ይዞ ስለሆነ እሱም ይጓደላል። በዚህ ላይ ካድሚየም አፍራሽ ህዋሳቱን በቀጥታ ይቀሰቅሳል። ያ ሁሉ ሳይበቃ እርሳስም ሲበዛ ያንኑ ኩላሊት ይነካል። አርሴኒክ ገንቢ ህዋሳትን እንደሚያዳክም በላብራቶሪ ታይቷል፤ በሰው ላይ ያለው ማስረጃ ግን ከሁለቱ ያነሰ ነው። የሜርኩሪው ደግሞ፣ አጥንትን በተመለከተ፣ ገና ስስ ነው። ጃፓን ውስጥ ሚናማታ በምትባል ከተማ ብዙ ሰው የጎዳው በነርቭ በኩል ነበር። ጸሐፊው ሜርኩሪን ብቻ ይዘው ቢከራከሩ ኖሮ ዝም እል ነበር።

በሌላ በኩል እኔም ማጋነን አልፈልግም። ሁለት ብረት በተገናኘ ቁጥር ጉዳቱ ይባዛል ማለት አይደለም። አንዳንዴ ይደመራል። አንዳንዴ ከድምሩ ይበልጣል። አንዳንዴም አንዱ ሌላውን ያበርደዋል፤ ሴሌኒየም ሜርኩሪን ይይዘዋል፣ ዚንክ ካድሚየምን ይገዳደረዋል። «ድምሩ ዜሮ ነው» የሚለው ግን ከየትኛውም የለም።

ድሮ ተመራማሪዎች አንድ ብረት ይዘው ነበር የሚያጠኑት። አሁን አሁን የብዙ ብረቶችን ድብልቅ በአንድ ሚዛን የሚያዩ የስታቲስቲክስ ስልቶች መጥተዋል። በአሜሪካ አገር አቀፍ የጤና ዳሰሳ መረጃ ላይ ይህን የሞከሩ ቡድኖች ድብልቁ ከፍ ሲል የአጥንት ጥግግት ዝቅ እንደሚል አይተዋል። ብዙ ጊዜ ትልቁን ሸክም የሚይዙት ካድሚየምና እርሳስ ናቸው። አንድ ጥንቃቄ ግን አለ። እነዚህ ጥናቶች አንድ ቀን ደምና ሽንት ወስደው፣ አጥንቱን በዚያው ሰሞን የሚለኩ ናቸው። የሳሳ አጥንት ራሱ እርሳስ ወደ ደም ሊለቅ ይችላል። ማን ማንን እንዳመጣ በአንድ ፎቶ አይታወቅም። ጸሐፊው ይህን አንስተው ቢሆን ጥሩ ሙግት ይሆን ነበር። አላነሱትም።

«እርሳስ በወር ውስጥ ከደም ይወጣል።»

ከሞላ ጎደል ልክ ነው። ከደም ይወጣል። ወዴት ነው የሚሄደው?

ከፊሉ በሽንት ይወጣል። የቀረው አጥንት ውስጥ ይገባል። በደም ውስጥ ያለው እርሳስ በወር ገደማ በግማሽ ይቀንሳል። አጥንት ውስጥ የገባው ግን በግማሽ ለመቀነስ ከ10 እስከ 30 ዓመት ይፈጅበታል። አዋቂ ሰው ሰውነት ውስጥ ካለው እርሳስ ከ90 በመቶ በላዩ ያለው አጥንት ውስጥ ነው። የደም ምርመራ ሰሞኑን የገባውን ይናገራል። የሃያ ዓመቱን አይናገርም። እኔ ደም ቀጂ ነኝ፣ ሥራዬን ላቃልል አይደለም፤ ግን በር ላይ ቆሞ ጎተራው ባዶ ነው አይባልም።

(በነገራችን ላይ የተማሪ እርሳስ ውስጥ እርሳስ የለም። ግራፋይት ነው። ልጅዎ ጫፉን ቢያኝክ በዚህ በኩል አይስጉ። እንጨቱ የተቀባው ቀለም ሌላ ጉዳይ ነው።)

ጎተራው ደግሞ ተዘግቶ አይቀርም። ሰውነት ካልሲየም ሲቸግረው ከአጥንት ይበደራል። በእርግዝና ይበደራል። በጡት ማጥባት ይበደራል። የወር አበባ ሲቆም አጥንት በፍጥነት ስለሚሳሳ ያኔም ይወጣል። ለረጅም ጊዜ አልጋ ላይ የዋለ ሰውም እንደዚሁ። ካልሲየሙ ሲወጣ እርሳሱ አብሮ ይወጣል። አንዲት ሴት በልጅነቷ የገባባት እርሳስ በሃያ አምስት ዓመቷ ለጽንሷ ይደርሳል ማለት ነው።

አክስቴን ላንሳ። ያደገችው መኪና በሚበዛበት መንገድ ዳር ነው። ያኔ ቤንዚን እርሳስ ነበረው። ከሰሃራ በታች ያሉ አገሮች እርሳስ ያለበትን ቤንዚን ያቆሙት እስከ 2006 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ነው። በዓለም የመጨረሻዋ አልጄሪያ ስትሆን ያቆመችው በ2021 ነው። አክስቴ ስድስት ወልዳ ስድስቱንም አጥብታለች። ዓምና ግቢዋ ውስጥ እርጥብ ድንጋይ አዳልጧት በእጇ መሬቱን ስትደግፍ አንጓዋ ተሰበረ። ከቁመቷ የማይበልጥ አወዳደቅ ነው። መጀመሪያ ወጌሻ አሻት፣ ከዚያ ወደ ሐኪም መጣች። እርሳስ ነው የሰበራት አልልም። ዕድሜ አለ፣ ወሊድ አለ፣ ምግብ አለ፣ ድንጋዩም አለ። እኔ የምለው አንድ ነገር ነው። ያን ቀን ደሟ ቢለካና ንጹሕ ቢባል ኖሮ ስለ አጥንቷ የሚነግረን ጥቂት ነበር።

በሕፃናት ላይ ደግሞ አንዳንዴ በዓይን ይታያል። ብዙ እርሳስ የገባበት ልጅ ጉልበቱ ወይም አንጓው ራጅ ሲነሳ አጥንቱ በሚያድግበት ጫፍ ላይ ነጭ መስመር ይወጣል። ሐኪሞች የእርሳስ መስመር ይሉታል።

«አጥንት ላይ የሚደርስ ነገር የለም። የዕድሜና የብርድ ነው።»

ይህን ሳነብ ጸሐፊው ስለ ጃፓን አልሰሙም ማለት ነው ብዬ አሰብኩ። ቶያማ በሚባል ክፍለ አገር ጂንዙ የተባለ ወንዝ አለ። ከላይ ካሚዮካ የሚባል የማዕድን ማውጫ ነበር። ከዚያ የሚወጣው ካድሚየም በወንዙ ወረደ፣ የሩዝ ማሳ ገባ፣ ሩዙ ተበላ። ለዓመታት። ታማሚዎቹ በብዛት ብዙ የወለዱ፣ ዕድሜያቸው የገፋ ሴቶች ነበሩ። አጥንታቸው ከመልፈስፈሱ የተነሳ ሲያስሉ ጎድናቸው ይሰበር ነበር። በሽታው «ኢታይ ኢታይ» ተባለ። በእኛ «አመመኝ፣ አመመኝ» ማለት ነው። ስሙ የወጣው ሴቶቹ ከሚጮሁት ነው።

ለረጅም ጊዜ ምን ተባለ መሰላችሁ? ዕድሜ ነው፣ የምግብ እጥረት ነው፣ ሥራ መብዛት ነው። ኖቦሩ ሃጊኖ የሚባሉ የዚያው አካባቢ ሐኪም መንስኤው ካድሚየም ነው ብለው ሲነሱ የሰማቸው ጥቂት ነበር። የጃፓን መንግሥት በ1968 እ.ኤ.አ. ብክለት ያመጣው በሽታ ብሎ አመነ። ታማሚዎቹ በ1971 ፍርድ ቤት ረቱ፣ ኩባንያው ይግባኝ ብሎም በ1972 ተሸነፈ። «ብርድ ነው» የሚለው ቃል ከጃፓን እስከ ጅማ አንድ ዓይነት አገልግሎት አለው።

«ያ ማዕድን ማውጫ ነው፣ መጠኑ ብዙ ነው» የሚል ይኖራል። ጥሩ። እንግዲያው ቤልጂየምን እንይ። ከዚንክ ማቅለጫዎች አጠገብና ራቅ ብለው የሚኖሩ ሰዎችን ለዓመታት የተከታተለ ጥናት በ1999 እ.ኤ.አ. ላንሴት በተባለው የሕክምና መጽሔት ወጥቷል። ሰዎቹ እንደ ጂንዙ ሴቶች የሚጮኹ ታማሚዎች አልነበሩም። ተራ ነዋሪ ናቸው። በሴቶቹ ላይ ከሽንት ጋር የሚወጣው ካድሚየም እጥፍ በሆነ ቁጥር የስብራት ዕድላቸው ወደ 1.7 ጊዜ ያህል ከፍ ይል ነበር።

ፍሎራይድን በተመለከተ ባጭሩ። ጸሐፊው ከከባድ ብረቶች ጋር ደርበውታል። ፍሎራይድ ብረት አይደለም። የዓለም ጤና ድርጅት ገደቡ በሊትር 1.5 ሚሊግራም ነው፣ በስምጥ ሸለቆ ብዙ ጉድጓዶች ከዚያ ያልፋሉ፣ ወንጂ አካባቢ በስኳር ልማቱ ሠራተኞች ላይ ያደረሰው የአጥንት መቆልመም በደንብ ተመዝግቧል። ጅማ ስምጥ ሸለቆ ውስጥ አይደለችም። ስለዚህ የጅማ ሰው ወገቡን ሲያመው ወደ ዝዋይ መጠቆም አይሠራም።

«ጅማ ፋብሪካ የላትም።»

እርሳስ የሚያቀልጥ ትልቅ ማቅለጫ የላትም፣ እውነት ነው። ትንንሾቹን ግን ቆጥረዋል?

ከክሊኒካችን ጀርባ ባለች ጠባብ መንገድ ላይ ባትሪ የሚያድስ ሰው አለ። ጎረቤቴ ነው። የሞተ የባጃጅ ባትሪ ይመጣለታል፤ አንዳንዱን ቆራሌው ራሱ ነው የሚያመጣለት። አሲዱን ቦዩ ውስጥ ይደፋዋል። ክዳኑን በመጋዝ ይቆርጣል። ውስጡ ያለውን ጥቁር ዝርግ እርሳስ እየመዘዘ መሬት ላይ ይደረድራል። ከሰል ምድጃ ላይ ባዶ የዱቄት ወተት ጣሳ ይጥዳል። እርሳስ በ327 ዲግሪ ይቀልጣል፣ ከሰል ይበቃዋል። ሲቀልጥ እንደ መስታወት ያበራል። ደስ ይላል ለማየት። ላዩ ላይ ግራጫ ቅርፊት ይሠራል፣ ያን በማንኪያ ገፎ ወደ ጎን ይጥለዋል። ነፋስ ይዞት ይሄዳል።

አራት ሰዓት ላይ ዳቦና ሻይ ይመጣለታል። ከዚያ በፊት ምንም አልበላም። እጁን በቱታው ጠረግ ያደርግና ዳቦውን ይቆርሳል። በባዶ ሆድ የገባ እርሳስ ከምግብ ጋር ከገባው በጣም በበለጠ ወደ ደም ይሰርጋል። ቀጥሎ ሲጋራ ይለኩሳል። የትምባሆ ቅጠል ካድሚየም ከመሬት እየሳበ የሚያከማች ተክል ነው። አጫሽ ሰው ሰውነት ውስጥ ያለው ካድሚየም ከማያጨሰው እጥፍ ያህል ይሆናል። ምሳ ከአዌቱ ወንዝ ዳር የበቀለ ጎመን ነው። ማታ በዚያው ቱታ ቤቱ ይገባል። ትንሿ ልጁ እግሩ ላይ ትጠመጠማለች።

የጽሑፌ ዋና ጉዳይ ይሄ ሰው ነው። እርሳሱን በእጁ፣ ካድሚየሙን በሳንባው፣ ሁለቱንም በትንሹ በሳህኑ ይወስዳል። የትኛውን ብቻውን ለክተን ነው «ከገደብ በታች ነህ» የምንለው?

ነገሩ ተራ አይደለም። ዳካር አጠገብ ቲያሮዬ ሱር መር በሚባል ሰፈር እንደዚሁ አሮጌ ባትሪ ይፈታ ነበር። ከ2007 መጨረሻ እስከ 2008 እ.ኤ.አ. መጀመሪያ ባሉት ወራት 18 ሕፃናት ሞቱ። እዚያም ፋብሪካ አልነበረም። አሸዋው ውስጥ የተቀላቀለ የባትሪ እርሳስ ነበር።

ወደ አዌቱ ልመለስ። አዌቱ ከተማውን ለሁለት ሰንጥቆ ያልፋል። መኪናና ባጃጅ ይታጠብበታል፣ የጋራዡም የመንደሩም ፍሳሽ ይገባበታል። ከዚያ ቦዬ ወደሚባለው ረግረግ ይወርዳል። ዳር ዳሩን ሰላጣ፣ ጎመን፣ ካሮት ይመረታል። የጅማ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች በአዌቱና በገባሮቹ ደለል ውስጥ እርሳስ፣ ካድሚየም፣ አርሴኒክ፣ ክሮሚየምና ሜርኩሪ ለክተው በ2021 እ.ኤ.አ. ውጤቱን አሳትመዋል። «አቃቂ ሂዱ» ከማለት በፊት እዚሁ ከተማ የተሠራ ሥራ ማየት ይቀላል።

ሌሎቹን ቶሎ ቶሎ ልለፍ። የቤት ቀለም አለ። የሚኒስትሮች ምክር ቤት በ2018 እ.ኤ.አ. ባወጣው ደንብ ቀለም ውስጥ ያለው እርሳስ ከሚሊዮን 90 እጅ እንዳይበልጥ ተወስኗል። ከዚያ በፊት የተቀባ በርና መስኮት ግን አሁንም እየተላጠ ይረግፋል። ከቁርጥራጭ ብረት የሚቀረጽ የአልሙኒየም ድስት አለ፤ ካሜሩን ውስጥ እንዲህ ያሉ ድስቶች ሲፈተሹ እርሳስ ወደ ምግብ ሲለቁ ተገኝተዋል። ኩል አለ። አንዳንዱ ኩል ዋናው ይዘቱ የእርሳስ ማዕድን ነው፣ እኛ ደግሞ ሕፃን ልጅ ዓይን ላይ እንቀባዋለን። ልጅ ዓይኑን አሽቶ ጣቱን ይጠባል። አክስቴ ይህን ስነግራት የኩል ብልቃጧን ከመሳቢያ አውጥታ ወደ ብርሃን አዙራ አየችውና መልሳ አስቀመጠችው። አልጣለችውም።

«በጅማ በዚህ የታመመ ሰው ሰምተን አናውቅም» የሚልም አንድ መስመር አለ። እኛ ክሊኒክ ካልሲየም እንለካለን፣ የኩላሊትን ሥራ የሚያሳየውን ክሬያቲኒን እንለካለን። የደም እርሳስ አንለካም። የሽንት ካድሚየምም አንለካም። ወገቡን ያመመው ሰው ማስታገሻ ይጻፍለታል፣ ይሄዳል። ያልተፈለገ ነገር በምን ይሰማል?

«ወተት ጠጡ።»

እዚህ ላይ ጸሐፊው ግማሽ ልክ ናቸው። ያልሰጡት ምክንያቱን ነው። እርሳስና ካልሲየም አንጀት ላይ በአንድ በር ይጋፋሉ። ካልሲየም ከሌለ እርሳሱ ይገባል። ካድሚየም ደግሞ ደም ለመሥራት ከሚያስፈልገው ብረት (አይረን) ጋር ነው የሚጋፋው። ይህ ብረት በሰውነቷ ያነሰ ሴት ካድሚየም በብዛት ትወስዳለች። ጂንዙ ላይ ብዙ የወለዱት ሴቶች የተመቱበት አንዱ ምክንያት ይሄ ነው ተብሎ ይታመናል። ሜክሲኮ ሲቲ ውስጥ ነፍሰ ጡሮች በቀን 1,200 ሚሊግራም ካልሲየም ሲሰጣቸው የደማቸው እርሳስ በአማካይ 11 በመቶ ያህል ቀንሷል። ጥሩ ነው። ግን 11 በመቶ ነው። ወተቱ በሩን ያጠብባል፣ ጎተራውን አይጠርግም። ወተት ዋጋው የት እንደደረሰም ጸሐፊው ገበያ ወጥተው ቢያዩት ጥሩ ነው። ጤፍ ካልሲየምም ብረትም አለው። ጎመንም አለው፣ ከንጹሕ ቦታ ከሆነና በደንብ ከታጠበ።

«ፌጦ በሎሚ ይጠርጋል።»

አይጠርግም። ፌጦ ለሆድ ይሁን ለጉንፋን፣ እሱ ላይ አልከራከርም። እናቴም ትሰጠኝ ነበር። አጥንት ውስጥ ካልሲየም ቦታ ላይ የተቀመጠን እርሳስ ግን ሎሚ አያወጣውም።

ይህን ነጥብ በሳቅ የማላልፈው ቀጥሎ የሚመጣውን ስለማውቅ ነው። ፌጦው ካልሠራ ሰው «የሚያጸዳ መርፌ» ይፈልጋል። በደም ውስጥ ያለን እርሳስ የሚይዙ መድኃኒቶች አሉ፣ እውነት ነው። እነሱ ግን በጣም ከፍ ያለ መጠን ለተገኘበት ሰው፣ በሐኪም እጅ፣ በክትትል የሚሰጡ ናቸው። አሜሪካ ውስጥ ከ2003 እስከ 2005 እ.ኤ.አ. ባለው ጊዜ ሦስት ሰዎች ኢዲቲኤ የተባለው መድኃኒት የተሳሳተ ዓይነቱ ተሰጥቷቸው ሞተዋል። ሁለቱ ሕፃናት ነበሩ። መድኃኒቱ ከደማቸው የጠረገው ካልሲየሙን ነው። ልብ ያለ ካልሲየም አይመታም።

ጸሐፊው መጨረሻ ላይ «ታዲያ ተራ ሰው ምን ያድርግ?» ብለው ጠይቀው «ምንም፣ ይኑር» ብለው መልሰዋል። ባትሪ አዳሹ ጎረቤቴም ይህንኑ ጠይቆኝ ነበር፣ ከእሳቸው ቀደም ብሎ። ክሊኒክ የመጣው ጉልበቱንና ወገቡን አሞት ነው። የነገርኩትን ልንገራችሁ። ሳይታጠብ እንዳይበላ፣ ውሃ ብቻ ሳይሆን በሳሙና። ባዶ ሆዱን እሳቱ ፊት እንዳይቆም። ነፋሱ ወደ ልጆች መጫወቻ በሚነፍስበት ሰዓት እንዳያቀልጥ፣ ቢቻል ጭራሽ እንዲተወውና ባትሪውን ሳይሰብር እንዲሸጠው። መሬቱን በደረቅ መጥረጊያ ከመጥረግ በእርጥብ ጨርቅ እንዲወለውል። ሲጋራውን እንዲቀንስ። የሥራ ልብሱን ቤት ይዞ እንዳይገባ፣ ከልጆች ልብስ ጋርም እንዳይታጠብ።

ሰምቶኝ ሳቀ። «ሐኪም ሁሉ ሲጋራ ተው ነው የሚለው» አለኝ። ሐኪም አይደለሁም አልኩት።

ያ ከሆነ ስምንት ወር አልፏል። ማቅለጡን አልተወም፣ እንጀራው ነው። ሲጋራው እንደነበረ ነው። ቱታውን ግን አሁን ሱቁ ውስጥ ሚስማር ላይ ሰቅሎ፣ በሌላ ሱሪ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ትናንት ሳልፍ ጀሪካን ውሃና ሳሙና በሩ ላይ አየሁ። አራት ሰዓት ነበር። ዳቦው ምድጃው አጠገብ ያለው በርጩማ ላይ ተቀምጧል፣ በጋዜጣ ተሸፍኖ።